ከጉልበት ቀዶ ሕክምና በኋላ ወደ ሱጁድ ለመመለስ፦ የምናብ ልምምድ ምንድን ነው? እንዴትስ ያግዛል?

ቢስሚላሂ ረሕማኒ ረሒም



ጉልበቱን በቀዶ ሕክምና የታከመ ሰው የማያውቅ ጀመዓ ዛሬ ጥቂት ነው። አንዱ ኳስ ሲጫወት ጅማቱ የተበጠሰበት ወጣት ነው። ሌላዋ ለዓመታት በመገጣጠሚያ ሕመም ስትሠቃይ ቆይታ ሰው ሠራሽ ጉልበት የተገጠመላት እናት ናት። ሌላው በመኪና አደጋ የተጎዳ አባወራ ነው። ዘመድ አዝማድ ሁሉ «ኦፕራሲዮኑ እንዴት ነበር?» ብሎ ይጠይቃል። ከዚያ በኋላ ስለሚመጡት ረጃጅም ወራት ግን ብዙም አይወራም። ታካሚው ሌሊት እንቅልፍ አጥቶ የሚያሰላስለው «ይህ እግር ዳግም ይታጠፍ ይሆን? ግንባሬን መሬት ላይ አድርጌ መስገድ እችል ይሆን?» የሚለውን ነው።

በዚህ ጽሑፍ ከቀዶ ሕክምና በኋላ ለሚደርሰው ፍርሃትና ጭንቀት የሕክምና ባለሙያዎች ከሚጠቀሙባቸው ማገዣዎች አንዱን፣ የምናብ ልምምድን፣ እንመለከታለን። ምን እንደሆነ፣ ጥናት ምን እንዳሳየ፣ ከእምነታችን አንጻር ወሰኑ የት እንደሆነ፣ በቤት ውስጥ እንዴት እንደሚሠራም እናያለን ኢንሻአላህ።

ጉልበቱ ታክሞ ሳለ እግሩ ለምን አይታዘዝም?

ከቀዶ ሕክምና በኋላ ብዙ ታካሚዎችን የሚያስደነግጥ ነገር አለ። ሐኪሙ «እግርህን ቀጥ አድርገህ አንሣ» ይላል፤ እግሩ ግን አይነሣም። ጡንቻው አልተቆረጠም፣ አጥንቱም ደህና ነው። ምክንያቱ ይህ ነው፦ ጉልበት ሲያብጥና ውስጡ ፈሳሽ ሲጠራቀም፣ ከመገጣጠሚያው የሚነሡ የነርቭ መልእክቶች የጭንን የፊት ጡንቻ ያፍኑታል። አእምሮ «ተኮማተር» ብሎ ሲያዝዘው በሙሉ ኃይሉ አይመልስም። ሳይሠራ በቆየ ቁጥር ደግሞ ይሰልላል።

በዚህ ላይ ፍርሃት ይጨመራል። ታካሚው ሲንቀሳቀስ ያመዋል፤ ሕመሙን «የተሰፋው ተቀደደ» ብሎ ይተረጉመዋል፤ ስለዚህ መንቀሳቀሱን ያቆማል። ካልተንቀሳቀሰ መገጣጠሚያው ይገትራል፣ ጡንቻው ይደክማል። የደከመ ጡንቻና የገተረ ጉልበት ደግሞ ሲንቀሳቀስ ይበልጥ ያማል። ክቡ እንዲህ እየዞረ ይቀጥላል። በሚገባ የተሠራ ቀዶ ሕክምና ውጤቱ የሚበላሸው አንዳንዴ በዚህ መንገድ ነው።

የሚፈጀው ጊዜም ትዕግሥት ይጠይቃል። በወቅቱ ለማንችስተር ሲቲ ይጫወት የነበረው ኢልካይ ጉንዶጋን የጉልበት ጅማቱ የተጎዳው እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 2016 ነበር። ወደ ሜዳ የተመለሰው በመስከረም 2017፣ ማለትም ከዘጠኝ ወር ገደማ በኋላ ነው። በዓለም ምርጥ ከሚባሉ ሐኪሞች ጋር እንኳ ይህን ያህል ፈጅቷል። ያው ተጫዋች በ2023 ክለቡ በአንድ የውድድር ዘመን ሦስት ዋንጫ ሲያነሣ አምበል ነበር። በሦስተኛው ወር ተስፋ የሚቆርጥ ታካሚ ይህን ቢያስታውስ ይጠቅመዋል።

የቀደሙት ዑለማዎችና ሐኪሞች ያዩት

አእምሮ የሚስለው ሥዕል በአካል ላይ እንደሚሠራ የምዕራብ ሳይንስ ዛሬ ያገኘው አዲስ ነገር አይደለም። ኢብኑ ሲና (እ.ኤ.አ. 980–1037) ስለ ነፍስ በጻፈው ክፍል አንድ ምሳሌ ያነሣል። መሬት ላይ በተነጠፈ ሳንቃ ላይ ማንም ሰው ሳይቸገር ይራመዳል። ያው ሳንቃ በገደል ላይ እንደ ድልድይ ቢዘረጋ ግን ሰውየው ይርበደበዳል፣ ሊወድቅም ይችላል። የሳንቃው ስፋትም የሰውየው እግርም አልተለወጠም። የተለወጠው በአእምሮው የተሳለው የመውደቅ ሥዕል ነው።

ከጉልበት ቀዶ ሕክምና የተነሣ ሰው በገደል ላይ ባለው ሳንቃ ላይ እንደቆመ ነው። የቤቱ ደረጃ ትናንት የነበረው ደረጃ ነው፤ በዓይነ ሕሊናው ግን ገደል ሆኗል።

ከኢብኑ ሲና በፊት የነበረው አቡ ዘይድ አል-በልኺ (እ.ኤ.አ. 850–934) «መሷሊሑል አብዳን ወል አንፉስ» በተባለው መጽሐፉ አካልና ነፍስ አንድ ላይ መታከም እንዳለባቸው አስተምሯል። ከምክሮቹ አንዱ ሰው ልቡ በረጋበት ጊዜ መልካም ሐሳቦችን አስቀድሞ እንዲያዘጋጅ ነው፤ ለድንገተኛ ሕመም መድኃኒት ቤት ውስጥ እንደሚቀመጥ ሁሉ፣ ጭንቀት ሲመጣ እነዚያን ሐሳቦች እንዲያወጣቸው። የምናብ ልምምድ ከዚህ ምክር ብዙም የራቀ አይደለም።

የምናብ ልምምድ ምንድን ነው?

በአጭሩ፣ ሰውነትን አዝናንቶ፣ ትንፋሽን አርግቶ፣ አንድን ጠቃሚ ሥዕል በአእምሮ ውስጥ ሆን ብሎና በዝርዝር መሣል ነው። ሥዕል ይባል እንጂ ዓይን ብቻ አይደለም፤ ድምፅ፣ ሽታ፣ የቆዳ ስሜት፣ የጡንቻ ስሜትም ይገባበታል። በጉልበት ማገገም ላይ አራት ዓይነት አጠቃቀም አለው።

የመጀመሪያው ማረጋጊያ ነው። ታካሚው ሰላም የሚሰማውን ቦታ ያስባል። ዓላማው የተወጠረውን ሰውነት ማላላትና እንቅልፍን ማገዝ ነው።

ሁለተኛው የፈውስ ሥዕል ነው። እብጠቱ ቀስ በቀስ ሲቀንስ፣ ደም ወደ ጉልበቱ ሲፈስ፣ ጅማቱ ክር በክር ሲጠነክር ያስባል።

ሦስተኛው የእንቅስቃሴ ልምምድ ነው። እግሩን ሳያንቀሳቅስ፣ ጭኑን ሲያጠብቅ፣ ጉልበቱን ሲያጥፍ፣ ደረጃ ሲወጣ ከውስጥ ሆኖ ይሰማዋል። ራሱን ከውጭ እንደ ፊልም ማየት ሳይሆን በራሱ አካል ውስጥ ሆኖ መሰማት ይመረጣል።

አራተኛው ለፈተና መዘጋጀት ነው። የሚያስፈራውን ነገር፣ ለምሳሌ በክራንች ታክሲ ውስጥ መግባትን ወይም በተጨናነቀ መስጂድ መግቢያ ማለፍን፣ በእርጋታ ሲያልፈው አስቀድሞ በአእምሮው ይለማመደዋል።

ጥናት ምን አሳየ?

እ.ኤ.አ. በ2001 ኩፓልና ብሩወር የተባሉ ተመራማሪዎች የፊተኛው መስቀለኛ የጉልበት ጅማታቸው (ኤሲኤል) የተሠራላቸውን 30 ሰዎች በሦስት ቡድን ከፍለው አጥንተዋል። ሁሉም የተለመደውን ሕክምና አግኝተዋል። አንዱ ቡድን በተጨማሪ 10 የማረጋጊያና የምናብ ልምምድ ክፍለ ጊዜ ወሰደ። ከ24 ሳምንት በኋላ ይህ ቡድን ከሌሎቹ የተሻለ የጉልበት ጥንካሬ፣ ያነሰ ሕመም፣ ያነሰ «ዳግም እጎዳለሁ» የሚል ፍርሃት ታይቶበታል።

እ.ኤ.አ. በ1992 ጓንግ ዩና ኬሊ ኮል ያሳተሙት ጥናት ደግሞ በጤነኞች ላይ የተደረገ ነው። ትንሿን ጣታቸውን ለአራት ሳምንት በተግባር ያሠለጠኑ ሰዎች ኃይላቸው 30 በመቶ ገደማ ሲጨምር፣ በምናብ ብቻ የተለማመዱት 22 በመቶ ገደማ ጨምሯል። እንቅስቃሴን ማሰብ እንቅስቃሴን የሚያዙትን የአእምሮ ክፍሎች ራሳቸውን እንደሚያሠራ ይህ ያመለክታል። ጡንቻው ለታፈነበት ታካሚ ትርጉሙ ቀላል አይደለም።

ሚዛኑን ለመጠበቅ ግን ሌላውንም መናገር ያስፈልጋል። በ2012 የፈረንሳይ ተመራማሪዎች ከኤሲኤል ቀዶ ሕክምና በኋላ ባደረጉት አነስተኛ ጥናት፣ የምናብ ልምምድ የጡንቻውን መሥራት ቢጨምርም ሕመምን በመቀነስ ረገድ ልዩነት አላመጣም። ጥናቶቹም በጥቂት ሰዎች ላይ የተደረጉ ናቸው። ስለዚህ ትክክለኛው አባባል «የምናብ ልምምድ ያድናል» ሳይሆን «ከፊዚዮቴራፒ ጋር ሲሠራ ሊያግዝ ይችላል» የሚለው ነው። ወጪ የለውም፤ በአግባቡ ከተሠራም ጉዳቱ ጥቂት ነው። ይሁንና ፊዚዮቴራፒን ትቶ ምናብን ብቻ የያዘ ሰው ራሱን ጎድቷል።

ከሸሪዓ አንጻር ወሰኑ የት ነው?

«ይህ ነገር ከሌላ እምነት የመጣ አይደለምን?» የሚል ጥያቄ ከወንድሞችና እህቶች ይነሣል። ጥያቄው ተገቢ ነው። መልሱ በአጠቃቀሙ ላይ የተመሠረተ ነው።

መታከም በዲናችን የታዘዘ ነገር ነው። ገጠሬ ዐረቦች ስለ መታከም በጠየቁ ጊዜ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) እንዲታከሙ መምከራቸውና አላህ ለበሽታ መድኃኒት ማድረጉን መንገራቸው በሐዲስ ተዘግቧል። የምናብ ልምምድም ከሰበቦች አንዱ ነው። ሆኖም ሦስት ነገሮችን መጠበቅ ያስፈልጋል።

አንደኛ፣ ፈዋሹ አላህ (ሱ.ወ) ብቻ ነው። በማኅበራዊ ሚዲያ «ያሰብከውን ሁሉ አእምሮህ እውን ያደርገዋል፤ ጠፈር ይሰጥሃል» የሚል ትምህርት ይነዛል። ይህ ከሕክምናው ልምምድ የተለየ ነው፤ ከተውሒድ ጋርም ይጋጫል። እኛ ሥዕሉን የምንስለው ነርቭና ጡንቻን ለማሠልጠን ነው፤ ውጤቱን የምንጠይቀው ከጌታችን ነው። ግመሉን አስሮ በአላህ መመካት ማለት ይህ ነው።

ሁለተኛ፣ ይዘቱን መምረጥ። በኢንተርኔት ከሚገኙ ቅጂዎች አንዳንዶቹ የሌላ እምነት ዜማ፣ መንፈስ መጥራት ወይም «የኃይል ምንጭ» ማምለክ የተቀላቀለባቸው ናቸው። ከእነዚህ መራቅ ይገባል። በራስ ቋንቋ፣ በራስ ድምፅ ወይም በቤተሰብ ድምፅ ማዘጋጀት ይሻላል። በውጭ አገር ያላችሁና ከሆስፒታል የእንግሊዝኛ ቅጂ የተሰጣችሁም ሐሳቡን ወስዳችሁ በአማርኛ መቅዳት ትችላላችሁ።

ሦስተኛ፣ ዒባዳን አይተካም። ሶላት ውስጥ ሆኖ የምናብ ልምምድ አይሠራም። ዱዓና ዚክር የራሳቸው ቦታ አላቸው። ልብ አላህን በማውሳት እንደምትረጋ ቁርኣን ነግሮናል፤ ይህን ስጦታ ወደ «ዘዴ» ብቻ ማውረድ አይገባም። ማስተንተን፣ የጀነትን ወንዞችና ጥላዎች በልብ ማሰብ ግን ለሙእሚን እንግዳ አይደለም፤ ቁርኣን ራሱ ጀነትን የሚገልጽልን በሚታይና በሚዳሰስ አገላለጽ ነው።

በቤት ውስጥ እንዴት ይሠራል?

ቀን በቀን ከ10 እስከ 15 ደቂቃ በቂ ነው። ከሱብሒ በኋላ ወይም ከመኝታ በፊት ጸጥታ ስለሚኖር ጥሩ ጊዜ ነው። መኪና እየነዱ ወይም ምጣድ እየጠበቁ አይሠራም።

1. ጀርባዎን ደግፈው ይቀመጡ ወይም ይተኙ። እግርዎን ፊዚዮቴራፒስቱ ባሳየዎት አኳኋን ያስቀምጡ። ቢስሚላህ ይበሉ።

2. በአፍንጫ ቀስ ብለው አየር ያስገቡ፤ ከዚያ በረዘመ ትንፋሽ ያስወጡ። ይህን ስድስት ሰባት ጊዜ ያድርጉ። መንጋጋ፣ ትከሻና እጅ እንዲላሉ ይተዉአቸው።

3. ሰላም የሚሰማዎትን ቦታ ያስቡ። የባሕር ዳርቻ መሆን የለበትም። ፀሐይ ስትወጣ የአያትዎ ግቢ፣ የዝናብ ሽታ ያለው ማሳ፣ ወይም ከሱብሒ በኋላ ሰው የተበተነበት መስጂድ ሊሆን ይችላል። ምንጣፉ ከእጅዎ በታች ሲሰማዎት፣ ከሩቅ ቁርኣን የሚቀራ ድምፅ ሲመጣ ያስተውሉ።

4. ወደ ጉልበትዎ ይመለሱ። ሙቀቱና እብጠቱ እየቀነሰ ሲሄድ ያስቡ። በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ይህ ይበዛል።

5. ያን ቀን ከፊዚዮቴራፒስቱ የተሰጠዎትን አንድ እንቅስቃሴ ብቻ ይምረጡ፤ ለምሳሌ ጉልበትን ወደ ታች ተጭኖ የጭንን ጡንቻ ማጥበቅ። በእውነት በሚወስደው ጊዜ ያህል፣ ሳይጣደፉ፣ አምስት ጊዜ ከውስጥ ሆነው ይሰሙት። ከዚያ ዓይንዎን ገልጠው በተግባር ይሥሩት።

6. በአልሐምዱሊላህና በዱዓ ይጨርሱ።

ሥዕሉ ካልመጣልዎት አይጨነቁ። አንዳንዱ ሰው ማየት ይከብደዋል፤ ድምፅ ወይም የሰውነት ስሜት ግን ይቀለዋል። በሚመጣልዎት ይጠቀሙ። ሐሳብ ሲበተንም ሳይናደዱ መመለስ ነው።

የእንቅስቃሴው ልምምድ ከማገገሚያው ደረጃ ጋር ይሂድ። ከወንበር ለመነሣት ጉልበት 90 ዲግሪ ገደማ መታጠፍ አለበት፤ በሶላት እንደምንቀመጠው ተረከዝ ላይ ለመቀመጥ ግን ከ130 ዲግሪ በላይ ይጠይቃል። ስለዚህ በመጀመሪያ ወር ሱጁድን በተስፋ ማሰብ ይቻላል፤ በተግባር መሞከር ግን በሐኪም ፈቃድ ብቻ ነው። ጉልበቱ የተቀየረለት ሰው ተንበርክኮ መስገድ ይችል እንደሆነ ሐኪሙን በግልጽ ይጠይቅ፤ ሐኪሙ ስለ ሶላታችን አኳኋን ላያውቅ ስለሚችል አቀማመጡን አሳይቶ መጠየቅ ይሻላል።

በወንበር የሚሰግድ ሰው ሶላቱ አልጎደለም

ብዙ ታካሚዎችን፣ በተለይ እናቶችንና አባቶችን፣ የሚያሳዝነው ከጉልበቱ ይልቅ ሱጁድ ማጣታቸው ነው። አንዳንዱ «ያለ ሱጁድ ምን ሶላት አለ» ብሎ ከሐኪም ፈቃድ በፊት ለመንበርከክ ይሞክራል። ይህ አደጋ ነው። ዒምራን ኢብኑ ሑሰይን (ረ.ዐ) ሕመም ገጥሟቸው በጠየቁ ጊዜ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ቆመው፣ ካልቻሉ ተቀምጠው፣ ካልቻሉ በጎናቸው ተኝተው እንዲሰግዱ መምራታቸው በሰሒሕ አል-ቡኻሪ ተዘግቧል። ጎንበስ ማለት ያልቻለ በጭንቅላቱ ያመለክታል፤ ለሱጁድ ከሩኩዕ ይበልጥ ዝቅ ያደርጋል። በፋሻ ላይ ስለ ማበስና ስለ ሌሎች ዝርዝሮች በአካባቢያችሁ ያሉ ዓሊሞችን ጠይቁ።

ከዚህም በላይ፣ ሰው ሲታመም ጤነኛ ሳለ ይሠራው የነበረው መልካም ሥራ ምንዳ እንደሚጻፍለት በሰሒሕ ሐዲስ ተነግሮናል። በወንበር ላይ የምትሰግደው እናት መዝገቧ አልተዘጋም። ጉልበቷ ዳግም ወደ ምንጣፉ ባይመለስ እንኳ ሶላቷ ሙሉ ነው።

ስለ ሕመምም አንድ ነገር እንበል። የዑርዋ ኢብኑ ዙበይር እግር በበሽታ ምክንያት ሲቆረጥ ያሳዩት ትዕግሥት በታሪክ መጻሕፍት የታወቀ ነው። ያ ታላቅ ምሳሌ ነው፤ ነገር ግን የሐኪም ማስታገሻ የሚወስድ ሰው ሶብር የለውም ማለት አይደለም። ማስታገሻው በትእዛዙ መሠረት ተወስዶ እንቅስቃሴው በአግባቡ ቢሠራ ይሻላል። ሕመም በጠናም ጊዜ እጅን በሚያመው ቦታ ላይ አድርጎ ሦስት ጊዜ ቢስሚላህ ማለትና ሰባት ጊዜ በአላህ ኃይል መጠበቅ፣ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ለዑስማን ኢብኑ አቢል ዓስ (ረ.ዐ) ያስተማሩት ሱና ነው።

ጠያቂዎችስ?

በሽተኛ መጠየቅ ሐቅ ነው። ነገር ግን አንዳንዱ ጠያቂ አልጋው ጫፍ ተቀምጦ «የእገሌ እግር እኮ እንደዚሁ ተሠርቶ ሳይታጠፍ ቀረ» ብሎ ያወራል። ይህም ምናብ ነው፤ ግን የተገላቢጦሽ። ታካሚው ሌሊቱን ሙሉ ያችን ሥዕል ሲያይ ያድራል። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) በበሽተኛ ዘንድ መልካም ብቻ እንድንናገር፣ መላእክት በምንለው ላይ አሚን እንደሚሉ አስተምረውናል። ስለዚህ ስትጠይቁ የዳነውን ሰው ታሪክ ንገሩ፤ ትንሿን መሻሻል አይታችሁ «ማሻአላህ፣ ባለፈው ሳምንት እዚህ አልደረስህም ነበር» በሉ። ቤተሰብም ሁሉን ነገር አቅርቦ ታካሚውን አልጋ ላይ ከማስቀመጥ ይልቅ የእንቅስቃሴ ሰዓቱን አብሮ ቢጠብቅለት ይጠቅመዋል።

ጥንቃቄ

የሚከተሉት በምናብም በትዕግሥትም የሚታለፉ አይደሉም። ባት ማበጥና መቁሰል፣ የደረት ሕመም ወይም የትንፋሽ ማጠር የደም መርጋት ምልክት ሊሆን ስለሚችል ወዲያው ወደ ሆስፒታል መሄድ ያስፈልጋል። ትኩሳት፣ ከቁስሉ የሚወጣ መግል፣ የጉልበት መቅላትና መጋል የኢንፌክሽን ምልክት ሊሆኑ ይችላሉ። እግሩን ለወጌሻ ማሳሸትም ያለ ሐኪም ፈቃድ አይደረግ፤ በባት ውስጥ የረጋ ደም ካለ መታሸቱ ለሕይወት ያሰጋል።

ዓይን ሲጨፈን አደጋው ወይም ጦርነቱ ተመልሶ የሚታየው ሰው ልምምዱን ያቁም፤ ከባለሙያ ጋር ይሥራ። ለሁለት ሳምንትና ከዚያ በላይ እንቅልፍና የምግብ ፍላጎት ያጣ፣ ተስፋው የጨለመበት ሰውም የአእምሮ ጤና ባለሙያ ማየት አለበት። ይህ የኢማን ድክመት ሳይሆን ሕመም ነው፤ እንደ ጉልበቱ ሁሉ ይታከማል።

አላህ (ሱ.ወ) የታመሙትን ሁሉ ይማርልን፤ ጉልበታቸውን ያጽናላቸው፤ ቆመውም ተቀምጠውም የሚሰግዱትን ሶላት ይቀበላቸው። አሚን።

ወላሁ አዕለም።